አሥሩ የተቃውሞ ቀናት

ማስታወቂያው ሰኞ ጠዋት በዋናው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር በየዓመቱ ለአባላቱና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ዘንድሮ በፋርማሲ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የተፈተኑት ደግሞ ሠላሳ አንድ። አንደኛ የወጣችው የጭምቷ ልጅ ነበረች።

ጭምቷ ያሏት የሽመና ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ከጎናቸው ቆማ ስትሠራ፣ ከምትናገረው የምትውጠው ይበዛልና ስሙ በልኳ የተሰፋ ሆነላት። ሲነዘንዟት "ዝም አይነቅዝም" ትላቸዋለች። ተረቱ እውነት ነው፤ ዝም አይነቅዝም። ባለቤቱን ግን ከውስጥ ሊበላው እንደሚችል ተረቱን የፈጠረው ሰው አልነገረንም።

"እንኳን ደስ አለሽ!" አለቻት ከጎኗ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራው ጓደኛዋ፣ ጉንጯን እያገላበጠች እየሳመች። "ከእንግዲህ ራሴን ባመመኝ ቁጥር ቤትሽ ነኝ። ፋርማሲስት ወዳጅ ሳይኖረኝ ልሞት ነው ስል!"

"ልጅቷ ገና ሳትማር ሰልፍ ያዝሽባት?" አለ ማሽን ጠጋኙ።

ሁሉም ሳቀ። ጭምቷም ሳቀች፤ ቢያንስ ጥርሷ ታየ። ዓይኗ ግን ከልጇ ስም ወርዶ ከወረቀቱ ግርጌ ተተክሎ ነበር። እዚያ በየዓመቱ የሚጻፈው ያው ነገር ተጽፏል። ስሙ ለአሥር ቀን ተለጥፎ ይቆያል፤ የሚቃወም አባል ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ይናገራል፤ በአሥረኛው ቀን ጉባኤ ይጠራና ሊቀመንበሩ "ተቃውሞ ያለው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሦስቴ ዝም ከተባለ ዕድሉ ጸደቀ። ከዚያ በታች መስፈርቶቹ ተዘርዝረዋል። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ በሥራ ማቆም ጊዜ ተደብቆ ሥራ የገባ አባል፣ እሱም ሆነ ቤተሰቡ፣ ከማኅበሩ የትምህርት ዕድል አያገኝም።

ሌላው ሰው አምስተኛውን ሳያነበው ያልፋል። ጭምቷ በቃሏ ታውቀዋለች። የሰሌዳውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

"ደስታ እኮ ነው፤ ደስታም ያዞራል" አለች ጓደኛዋ፣ ክንዷን ደግፋ ወደ ውስጥ እየወሰደቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ሥራ አቁሞ ነበር። አቧራ መሳቢያዎቹ ተበላሽተው የጥጡ ብናኝ የሰውን ሳንባ ሲጨርስ፣ አስተዳደሩ ዛሬ ነገ እያለ ስለቀለደ ነው። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ዋናው በር ላይ ተቆመ። ጭምቷም አሥራ ሦስቱን ቀን ቆማለች፤ ይሄ አይካድም። ፀሐዩን ችላ፣ የተጻፈበትን ካርቶን ከፍ አድርጋ፣ ያ የማይሰማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምሽት ግን የሽመናው አለቃ ቤቷ መጣ። ልጅቷ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ሰውየው አልተቀመጠም።

"የሚባረሩት ሰዎች ስም ተጽፎ አልቋል። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። ሦስት ቀን ብቻ ገብተሽ ሥሪልኝ፣ ስምሽን በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ" ብሏት ወጣ።

ቤቷ ዱቄት ጠፍቶ ቢሆን፣ ልጇ ታማ ቢሆን፣ ሰበብ ይሆናት ነበር። ሰው ለራሱ የሚነግረው ሰበብ ካለው ሸክሙ ግማሽ በግማሽ ይቀልለታል። እሷ ይሄ ነው የምትለው ሰበብ አልነበራትም። ፈራች፣ በቃ። መባረሩን ፈራች፣ አለቃውን ፈራች፣ ዓለም ሁሉ በሥራ ላይ ሳለ እሷ ብቻዋን ሥራ ፈት ሆና የምትውልበትን ቀን ፈራች። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በጥጥ መኪና ላይ፣ በሸራ ተሸፍና፣ በጓሮ በር ገባች።

አብረዋት የገቡት አምስት ሰዎች ከሩቅ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዛቸው ጠፋ። አለቃውም ዓመት ሳይሞላው ሌላ ፋብሪካ ሄደ። ለጓደኞቿ "ሦስቱን ቀን ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር" አለቻቸው። ለልጇ ምንም አላለችም፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለስ ስለነበር ልጅቷ እንደሌላው ቀን በሩ ላይ የዋለች መስሏታል። እናትም አላረመቻትም። እንግዲህ ለፋብሪካ አንድ ውሸት፣ ለቤት ሌላ ውሸት፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

"ማንም አላየኝም" ብላ በተጽናናች ነበር፤ ጨርቁ ባይኖር።

ሽመና ላይ የክር መበጠስ የዕለት ጉዳይ ነው። ሲበጠስ ሠራተኛዋ ማሽኑን ታቆምና መዳፏ ላይ በምታስራት ትንሽ የብረት መቋጠሪያ ትቋጥረዋለች። ብረቱ የቋጠረው የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሥራ በቆመ ዕለት ግን ማኅበሩ መቋጠሪያዎቹን አንድ ሳያስቀር ሰብስቦ ቆልፎባቸው ነበርና እነዚያን ሦስት ቀናት በባዶ እጅ መቋጠር ግድ ሆነ። ያውም እርጥበት ሰጪው ማሽን ጠፍቶ ስለከረመ ክሩ ደርቆ በየደቂቃው ይበጠሳል። የፈራ እጅ ደግሞ አዲስ ዘዴ አይፈጥርም፤ የለመደውን ነው የሚሠራው። ጭምቷ በልጅነቷ እናቷ እንዳስተማረቻት ክሩን ወደ ግራ ሁለቴ እየጠመዘዘች፣ ጫፉን በጥርሷ እየቆረጠች ቋጠረች። በፋብሪካው እንደዚያ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም። ይህ ትዝ ያላት ሦስቱ ቀን ካለቀ በኋላ ነው። ፊቷን በሸራ ሸፍና ገብታ፣ ስሟን ጨርቁ ላይ ስትጽፍ ዋለች ማለት ነው።

ማኅበሩ ሲያሸንፍ ካስፈረማቸው ነገሮች አንዱ፣ በሥራ ማቆሙ ጊዜ የተሸመነው ጨርቅ ለገበያ እንዳይወጣ የሚል ነበር። ተረከቡትና የጉባኤ ጠረጴዛ ልብስ ቆረጡበት። "የከሃዲዎች ጨርቅ" ይሉታል። ሊቀመንበሩ በየጉባኤው መክፈቻ መዳፉን ያሳርፍበትና "እንዳንረሳ" ይላል። ጭምቷም ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ስታይ ኖራለች።

ጨርቅን በጣት ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ በፋብሪካው አንድ ነው፤ እትዬ መርማሪ። የተሸመነ ጨርቅ ሁሉ ከመታጠፉ በፊት በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን አልደከመም። ዓይናቸውን ጨፍነው "ይሄ የእገሊት ነው፤ ከባሏ ጋር ተጣልታ ነው የሠራችው" ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም አይስቱም። እና በዘንድሮው ዝርዝር ሁለተኛ የወጣው የእትዬ መርማሪ የልጅ ልጅ ነው። አንደኛዋ ከተሰረዘች ዕድሉ የእሱ ይሆናል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው።

ሰኞና ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አታውቅም። ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ሲያወሩ ካየች ስለ እሷ ነው። ሰው ሰላም ሳይላት ካለፈ አውቆባታል፤ ሞቅ አድርጎ ሰላም ካላት ደግሞ ሊያዘናጋት ነው። ረቡዕ ጠዋት ሊቀመንበሩ በማሽኖቹ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። እጇን ከማሽኑ አነሳች፤ እንደሚታሰር ሰው ሁለቱንም።

"ጽሕፈት ቤት ብቅ በይ!" ብሎ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፤ ማሽኖቹ ሲሠሩ ሳይጮኹ መነጋገር አይቻልም።

"ምን… ምን አደረግሁ?"

"የልጅቷን ፎቶ አላመጣችሁም እኮ!"

ፎቶ! እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሊቀመንበሩ ትከሻዋን መታ አድርጎ ሄደ። እሷ ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለት ክር ተበጥሶ ሳታየው ማሽኑ አንድ ክንድ ሙሉ ጨርቅ አበላሸ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከጀማሪነቷ ወዲህ ሠርታ አታውቅም።

ዓርብ ፎቶውን ይዛ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የማኅበሩ ጸሐፊ ተቀበላትና ማኅተሙን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። ብቻዋን ቀረች። መደርደሪያው ላይ፣ ከፋይሎቹ በላይ፣ ጨርቁ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለሁለት ዓመት ከሩቅ እንጂ በእጇ ነክታው አታውቅም። ጣቷን ሰደደች። አንድ ቋጠሮ አገኘች። ከእሱ ስንዝር ሳይርቅ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ዓይነ ስውር እንኳ የሚያነበው ሆኖ ተሰማት። ምን እንዳሰበች ራሷም አታውቅም፤ ብቻ ጨርቁን ስባ አወረደችና በሥራ ጋወኗ ውስጥ ስትወትፈው ጸሐፊው ተመለሰ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አቧራ… አቧራ ይዟል። ላጥበው ብዬ።"

ጸሐፊው ሳቁን ለቀቀው። "ይሄማ አይታጠብም! ሊቀመንበሩ ቢሰማ ሁለታችንንም ነው አጥቦ የሚያሰጣን።" ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰ። ቀልዱ ጣፍጦት ኖሮ እስከ ማታ ለግማሽ ፋብሪካ ነግሮታል።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እትዬ መርማሪ በክፍላቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

"አንቺ ጨርቅ አጣቢ" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ነገ ከሰዓት ቤቴ ነይ። ብቻሽን።"

አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

እሑድ የእትዬ መርማሪ ቤት እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። መጨረሻ ላይ ያስገባት ድፍረት አይደለም፤ አለመሄዱ ከመሄዱ የበለጠ ስላስፈራት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ ተክል። እትዬ መርማሪ የልጅ ልጃቸውን ሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። ልጁ የለም።

"ተቀመጪ እንጂ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ቆመሽ ብትፈሪም ተቀምጠሽ ብትፈሪም ያው ነው። ወንበር ደግሞ አለ።"

የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ያነጠፉት ዕለት ነው ያወቅሁሽ። ወደ ግራ ሁለቴ፣ ጫፉ በጥርስ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ መቋጠሪያሽ በጠፋብሽ ቀን ሁሉ እንደዚያ ስትቋጥሪ በጣቴ ሥር አልፏል። ማንን ልታታልይ ኖሯል?"

ጭምቷ ከወንበሩ ተንሸራታ እግራቸው ሥር ወደቀች። "እትዬ፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ! ልጄ ምንም አላጠፋች። እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ከፋብሪካ ልውጣ ካሉኝ እወጣለሁ። ልጄን ግን…"

"ተነሺ ወዲያ! ጉልበቴ እንኳን አንቺ ይዘሽው እንዲያውም ያመኛል።" መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክተው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። "ሁለት ዓመት ዝም ያልሁት አንድ ቀን ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። አልተናገርሽም። አሁን እኔ ልናገር ብል አልችልም። የልጄ ልጅ ሁለተኛ ወጣ አይደል? ዛሬ አፌን ብከፍት 'አሮጊቷ ለልጅ ልጇ ስትል የሰው ልጅ ጣለች' ነው የሚባለው። እሱም በዚያ ስም ሲማር ይኖራል። ሌላ ሰው ሁለተኛ ወጥቶ ቢሆን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እናገር ነበር።"

"እንግዲያው… አይናገሩም?"

"አልናገርም። ከእኔ ነፃ ነሽ። ሂጂ።"

ጭምቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጃቸውን ልትስም ብትሞክር ነጠቋት። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አውጥታ ሳለ ግን ከኋላዋ ጠሯት።

"የልጅሽን ጽሑፍ ሰምተሽዋል?"

"የምን ጽሑፍ?"

"ለፈተናው የጻፈችውን ነዋ። አንደኛ ያወጣት እሱ እኮ ነው። ጸሐፊው እንባውን እየጠረገ አነበበልኝ። ረቡዕ ጉባኤው ፊት ታነበዋለች፤ ለአንደኛ ልማዱ ነው። ስለ ሥራ ማቆሙ ነው የጻፈችው። 'እናቴ አሥራ ስድስቱንም ቀን በሩ ላይ ቆማለች' ይላል።" ሸሚዙን አንስተው ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። "ጓደኛሽ ደግሞ ሦስት ቀን ወገብሽን እንዳመመሽ ታውቃለች። ያኔ ሾርባ ይዛ መጥታ ቤትሽን ተዘግቶ አግኝታዋለች፤ ስታወራ ሰምቻለሁ። የዋህ ስለሆነች ሐኪም ቤት ሄደሽ መስሏት ነው ዝም ያለችው። እኔ አልናገርም አልሁሽ፤ ሁለቱ ውሸቶችሽ ግን ረቡዕ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሊገናኙ ነው።"

መንገዱን በሩጫ ይሁን በእርምጃ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ቤት ስትደርስ ልጅቷ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቆማ፣ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ድምፅዋን እንደ ዜና አንባቢ አድርጋ እየተለማመደች ነበር።

"እማዬ፣ በሰዓቱ መጣሽ! ቁጭ በይና አድምጪ። 'ሰዎች ስለ ጀግንነት ሲያወሩ እኔ የማስበው ስለ እናቴ ነው። እናቴ አትናገርም። ግን አሥራ ስድስቱንም ቀን፣ አንድም ቀን ሳታጓድል፣ በፋብሪካው በር ላይ ቆማ…'"

"እሱን አውጪው።"

"የቱን?"

"አሥራ ስድስት ቀን የሚለውን። አውጪው።"

"እንዴ፣ ለምን? ከሁሉ የሚያምረው እኮ እሱ ነው! ጸሐፊው ራሱ…"

"አውጪው ብዬሻለሁ!"

ጭምቷ ልጇ ላይ ጮኻ አታውቅም። ልጅቷ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭምቷ ራሷ አልወሰነችውም፤ አፏ ተከፈተና ወጣ። አለቃው፣ ሸራው፣ የጓሮ በሩ፣ ወገብ ሕመሙ፣ ቋጠሮው፣ እትዬ መርማሪ። ስትጨርስ ማልቀስ እንኳ አቃታት። ልጇ ፊት ላይ የምታየውን ፈርታ ወለሉን ታያለች።

ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችው።

"ማን ያውቃል?"

"አንድ ሰው ብቻ። አይናገሩም።"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"አንቺም አትናገሪም?"

"ልጄ፣ ዕድልሽ እኮ ነው። ብናገር ታጪዋለሽ። ያቺን አንዲት መስመር ብቻ አውጪያት፤ ሌላው ሁሉ ያልፋል።"

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ሰኞም ማክሰኞም መልስ አልሰጠችም። ክፉ አልሆነችባትም፤ ሻይ ታፈላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ "ደኅና ዋልሽ" ትላለች። ግን መስመሯን ትሰርዛት አትሰርዛት አልነገረቻትም፤ እናትም ደግማ ለመጠየቅ አልደፈረችም። የገዛ ልጅን መፍራት ከፍርሃት ሁሉ የከፋ መሆኑን ጭምቷ በእነዚያ ሁለት ቀናት ተማረች። ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ትሳቀቃለች።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ጉባኤው በምግብ አዳራሹ ተሰበሰበ። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል። ሊቀመንበሩ መዳፉን አሳርፎ "እንዳንረሳ" አለ። እትዬ መርማሪ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጓደኛዋ ለጭምቷ መሀል ላይ ቦታ ይዛላት ነበርና ከኋላ መደበቅ አልቻለችም።

ልጅቷ ተጠርታ ወጣች። ንባቧን ጀመረች። ጭምቷ ቃላቱን አትሰማም፤ ያቺን መስመር ብቻ ነው የምትጠብቀው። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

"'…እናቴ አትናገርም። ግን አሥራ ሦስት ቀን በፋብሪካው በር ላይ ቆማለች።'"

አሥራ ሦስት። መስመሯን አላወጣቻትም፤ እውነት አደረገቻት። ጭምቷ ዙሪያዋን ሰረቅ አድርጋ አየች። ማንም ልብ አላለም። ጓደኛዋ እንዲያውም "አሟት ነው እንጂ ሁሉንም ትቆም ነበር" ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። ንባቡ አለቀ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"እንግዲህ በደንባችን መሠረት" አለ ሊቀመንበሩ። "ተቃውሞ ያለው?"

ዝም። አንድ ሰው ሳለ። ጭምቷ የሳለውን ሰው ልትገድለው ደረሰች።

"ለሁለተኛ ጊዜ፤ ተቃውሞ ያለው?"

ዝም። እትዬ መርማሪ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ወለሉን ያያሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። አንድ። ሁለት ዓመትና አሥር ቀን የፈራችው ነገር ሊያልፍ ነው።

"ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ፤ ተቃውሞ ያለው?"

አንድ እጅ ተነሳ። የልጅቷ ነበር።

ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። "አይ ልጄ፣ አንቺ አሸናፊዋ ነሽ፤ አንቺን አይመለከትም። እጅሽን አውርጂ።"

"ይመለከተኛል" አለች። ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ አልነበረም። "ተቃውሞ አለኝ። በአምስተኛው መስፈርት። በአሥራ አራተኛው ቀን…"

ከዚያ ማለፍ አልቻለችም። "እናቴ" የሚለውን ቃል ሳታወጣ ዓይኗን ወደ መሀል ላከች። አዳራሹ ሳቁን አቆመ። ልጅቷ ብቻዋን ቆማለች፤ የጀመረችውን መጨረስም፣ መመለስም አቅቷታል።

ጭምቷ ተነሳች። እንዴት እንደተነሳች አትጠይቁኝ። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ይዛ ነው የቆመችው።

"እኔ ነኝ" አለች። አልተሰማም። "እኔ ነኝ! አሥራ አራተኛው፣ አሥራ አምስተኛው፣ አሥራ ስድስተኛው ቀን ገብቼ ሠርቻለሁ። ይሄን ጨርቅ የሸመንሁት እኔ ነኝ። ልጄ እስከ እሑድ ድረስ አታውቅም ነበር።"

ሊቀመንበሩ መዳፉን ከጨርቁ ላይ አነሳ። "ለምን?" አለ። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ የወጣው ግን እንደ ጥያቄ ነው።

"ፈርቼ።"

ሌላ የምትጨምረው ፈለገች፤ አልነበረም። ከኋላ "ከሃዲ!" የሚል ድምፅ ተነሳ፣ ሌላው "ዝም በል!" አለው፣ ጫጫታው አዳራሹን ሞላው። ከዚህ ሁሉ ጭምቷ የሰማችው የጓደኛዋን ድምፅ ነው። "እኔ እኮ ሾርባ ይዤልሽ መጥቼ ነበር" አለቻት ቀስ ብላ። ደግማ አላየቻትም። ቦርሳዋን አንስታ ወንበር ቀየረች።

አምስተኛው መስፈርት ተነበበ። ዕድሉ ለሁለተኛው ተላለፈ። ያጨበጨበ የለም። ልጁ ተነስቶ ፈረመ፤ እትዬ መርማሪ ደግሞ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ከፊታቸው ማንም ማንበብ አልቻለም።

እናትና ልጅ ረጅም መንገድ ሄዱ። ሱቆቹ እየተዘጉ ነበር። ጭምቷ ነገን ታስባለች፤ ያንን በር፣ ያንን ማሽን፣ ከጎኗ ያለችውን ሴት ጀርባ። ፍርሃቱ አለቀቃትም። "ተናገሪና ይቅለልሽ" የሚሉ ሰዎች የሚያወሩትን አያውቁም።

"ለምን ልጄ?" አለች በመጨረሻ። "ማንም አልተናገረም እኮ። ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። አልፎ ነበር እኮ።"

ልጅቷ ቆመች። ስታለቅስ ኖሯል፤ እናትየዋ አሁን ነው ያየችው።

"አልፎ ነበር? ከማን?" አለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጪ፣ ስልክ ሲጮህ ፊትሽ ሲለዋወጥ፣ ሰው ስምሽን ሲጠራ ስትሳቀቂ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያላወቅሁት ምክንያቱን ነበር እንጂ መፍራትሽንማ አውቀው ነበር። አንዳንዴ እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬሽ እደነግጥ ነበር።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አምስት ዓመት እንደዚያ እየፈራሁ ልማር፣ እማዬ?"

ጭምቷ ደብቄዋለሁ ብላ ሁለት ዓመት የታቀፈችውን ነገር፣ ለካ በየቀኑ ልጇን ስታጎርሳት ኖራለች።